ስልክንና ሊኑክስ ላፕቶፕን ያለ ገመድ የማጣመር መመሪያ

ብዙ ሰው በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ላፕቶፑ ላይ ለማግኘት ቴሌግራም ከፍቶ ለራሱ ይልካል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ቴሌግራም ይከፍትና መልሶ ያወርዳል። ሁለቱ ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ፎቶው ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል፤ ሲሄድም ሲመጣም ፓኬጅ ይበላል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ዕለት ደግሞ ይህም የለም። ይህ መመሪያ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ሌላ ክፍት ምንጭ ሥርዓት በላፕቶፓቸው ላይ ለጫኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ስልኩና ላፕቶፑ በቤት ዋይፋይ ወይም በስልኩ ሆትስፖት አማካይነት፣ ሌላ ሦስተኛ ወገን ሳይገባ፣ በቀጥታ እንዲገናኙ እናደርጋለን።

የምንጠቀመው ፕሮግራም ኬዲኢ ኮኔክት ይባላል። አልበርት ቫካ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል ለክፍት ምንጭ ጀማሪዎች በሚያዘጋጀው «ሰመር ኦፍ ኮድ» ፕሮግራም ሥር የጀመረው ሥራ ነው፤ ዛሬም ኬዲኢ የተባለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ያሳድገዋል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። ብሉቱዝም አማራጭ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለፋይል ግን ዋይፋይ ባለበት ብሉቱዝን አልመክርም።

ላፕቶፑ ላይ የሚጫነው

የሚጫነው ፕሮግራም እንደ ዴስክቶፑ (ሜኑውንና መስኮቶቹን እንደሚያሳየው ገጽታ) ዓይነት ይለያያል። ኩቡንቱ ወይም ሌላ የኬዲኢ ፕላዝማ ዴስክቶፕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አብሮ ተጭኖ ስለሚመጣ ሜኑ ውስጥ ፈልጋችሁ መክፈት ብቻ ነው። ዞሪን ኦኤስም ዞሪን ኮኔክት የሚባል የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ከኬዲኢ ኮኔክት ጋር ይግባባል።

ሊኑክስ ሚንት ላይ «ሶፍትዌር ማኔጀር»ን ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ ኬ፣ ዲ፣ ኢ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ኮኔክት የሚለውን ቃል ክፍተት ሳትተዉ አያይዛችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ጫኑት። ሲጨርስ ሜኑ ውስጥ ተቀራራቢ ስሞች ታያላችሁ። ከእነሱ ውስጥ «ኢንዲኬተር» የሚለው ያለበትን ክፈቱ። ታች በቀኝ በኩል፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ ትንሽ የስልክ ምልክት ይወጣል። ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ ከዚያች ምልክት ነው።

ኡቡንቱ ላይ፣ ዴስክቶፑ ግኖም ስለሆነ፣ ጂኤስኮኔክት የሚባለው ይሻላል። ያው የኬዲኢ ኮኔክትን ቋንቋ የሚናገር የግኖም ማራዘሚያ ነው። መጀመሪያ «ኤክስቴንሽን ማኔጀር» የሚባለውን ከአፕ ሴንተር ጫኑ። አፕ ሴንተር ስትፈልጉ በቅድሚያ የሚያሳየው ስናፕ የሚባለውን የፕሮግራም መጫኛ ዓይነት ስለሆነ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ማጣሪያውን ዴቢያን ፓኬጅ ወደሚባለው ሌላው ዓይነት ቀይሩትና ይመጣል። ከዚያ ኤክስቴንሽን ማኔጀርን ከፍታችሁ «ብራውዝ» በሚለው ገጽ ጂኤስኮኔክትን ፈልጉና ጫኑ። ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ዋይፋይና ድምፅ የምታስተካክሉበትን ሜኑ ስትከፍቱ አዲስ ቁልፍ ታያላችሁ።

ኬዲኢ ኮኔክትንና ጂኤስኮኔክትን አንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን አትጫኑ። ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት ቁጥር ያለው በር) ስለሆነ ይጋጫሉ፤ ስልኩም አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። አንዱን ምረጡ።

ስልኩ ላይ

አፑን ከጉግል ፕሌይ ወይም ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የክፍት ምንጭ አፖች ሱቅ አውርዱ። ሰው በቴሌግራም ወይም በዜንደር የላከላችሁን የመጫኛ ፋይል ባትጠቀሙ ይሻላል። አንደኛ፣ ይህ አፕ ማሳወቂያችሁንም ፋይላችሁንም የሚነካ ስለሆነ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ሥርዓቱ ከሱቅ ውጪ ለተጫነ አፕ ማሳወቂያ የማንበብ ፈቃድ ይከለክላል፤ ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ይላል። የግድ በዚያ መንገድ የጫናችሁ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የአፑን ገጽ ከፍታችሁ፣ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ፣ የተከለከሉ ሴቲንጎችን የሚፈቅደውን ምረጡ።

አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ፈቃድ ይጠይቃል። ሁሉንም በአንዴ መፍቀድ የለባችሁም። ለማጣመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የመልእክት፣ የስልክ ጥሪና የፋይል ፈቃድ በኋላ አገልግሎቱን ስትፈልጉት ይሰጣል።

አይፎን ለምትጠቀሙ፦ አፑ በአፕ ስቶር አለ፤ ፋይል መላክና ማጣመርም ይሠራል። ነገር ግን አፕል አንድ አፕ የሌሎችን ማሳወቂያና አጭር መልእክት እንዲያነብ ስለማይፈቅድ እነዚህ አይኖሩም። ስትጠቀሙበትም አፑ ተከፍቶ ፊት ለፊት መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው በአንድሮይድ የተጻፈ ነው።

አንድ ኔትወርክ ላይ ማኖር

ችግር የሚነሳው በአብዛኛው እዚህ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ኢንተርኔት መኖሩ ግዴታ አይደለም፤ ራውተሩ በርቶ ሁለቱም ከእሱ ጋር ከተያያዙ በቂ ነው።

መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ከወደቀ፣ ወይም ከመጀመሪያው ዋይፋይ ከሌላችሁ፣ የስልኩን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን ከእሱ ጋር አገናኙ። በዚህ መንገድ በሁለቱ መካከል የሚተላለፈው ፋይል ከፓኬጃችሁ አንዲት ሜጋባይት አይነካም፤ ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ በቀጥታ በሬዲዮ ሞገድ ያልፋልና። ፓኬጅ የሚበላው ሌላ ነገር ነው፦ ላፕቶፑ ኢንተርኔት ማግኘቱን እንዳየ በራሱ ማሻሻያ ማውረድ ሊጀምር ይችላል። ይህን ለመከላከል ከሁለት አንዱን አድርጉ። ወይ ሆትስፖቱን ሳትዘጉ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉ፤ በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ይቻላል። ወይ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግ፣ ዋይፋይ ገብታችሁ ከኔትወርኩ ስም ጎን ያለውን የባለ ጥርስ ጎማ (የሴቲንግ) ምልክት ንኩና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ሥርዓቱ ይህ ግንኙነት የሚቆጠር መሆኑን ካወቀ ከበስተጀርባ ማውረዱን ይተዋል።

ስልኩ ላይ ቪፒኤን ካለ ለጊዜው አጥፉት። ቪፒኤን ሲበራ የስልኩ ትራፊክ ሁሉ ወደ ውጭ ስለሚዞር አፑ አጠገቡ ያለውን ላፕቶፕ ሳያይ ሊቀር ይችላል። ቪፒኤን ሲበራ ውሎ የሚያድርበት ስልክ ብዙ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይህንን አረጋግጡ።

ማጣመር

ስልኩ ላይ አፑን ክፈቱ። የላፕቶፑ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፤ ንኩትና ለማጣመር የሚጠይቀውን ቁልፍ ተጫኑ። ወዲያው ላፕቶፑ ላይ ጥያቄ ብቅ ይላል። 30 ሰከንድ ነው ያላችሁ፤ ካለፈ ጥያቄው ይሰረዝና እንደገና መላክ ያስፈልጋል።

«ተቀበል» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። በሁለቱም ስክሪን ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አጭር ኮድ ይታያል። ስልኩን ከላፕቶፑ ስክሪን ጎን ያዙና ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አመሳክሩ። አንድ ከሆነ ተቀበሉ። ካልሆነ ጥያቄው ከእናንተ ስልክ የመጣ አይደለም፤ እምቢ በሉ። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ካፌ፣ ቢሮ ወይም ዶርም ውስጥ ግን በዚያው ዋይፋይ ላይ ሌላ ሰውም ይህ አፕ ሊኖረው ስለሚችል ኮዱን ሳታዩ አትቀበሉ። አንዴ ከተቀበላችሁ በኋላ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ሁሉ ድረ ገጾችም በሚጠቀሙበት ቲኤልኤስ በተባለ የምስጠራ ዘዴ ይመሰጠራል፤ በሚቀጥለው ቀንም እንደገና ማጣመር አያስፈልግም፣ አንድ ኔትወርክ ላይ እንደገቡ ራሳቸው ይፈላለጋሉ።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ከስልኩ አፕ ሜኑ «ሴንድ ፒንግ» የሚለውን ንኩ። ላፕቶፑ ላይ «ፒንግ» የሚል ማሳወቂያ ከመጣ ጨርሳችኋል።

ላፕቶፑ ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ

አፑ ላፕቶፑን የሚያገኘው «ማን አለ?» ብሎ ወደ ኔትወርኩ ሁሉ በመጣራት ነው። ጥሪው ካልደረሰ ወይም መልሱ በር ላይ ከተመለሰ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አፑን ደጋግሞ ከማጥፋትና ከመጫን ይልቅ መንገዱ የት እንደተዘጋ በቅደም ተከተል ፈትሹ።

መጀመሪያ የዋይፋዩን ስም ተመልከቱ። አንዳንድ ራውተር የእንግዳ ኔትወርክ አለው፤ ስልኩ እንግዳው ላይ፣ ላፕቶፑ ዋናው ላይ ከሆነ አይተያዩም። ሆቴል፣ ካፌና ካምፓስ ውስጥ ደግሞ ስሙ አንድ ሆኖም ራውተሩ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ብሎ ይለያያቸዋል፤ «ኤፒ አይሶሌሽን» ወይም «ክላየንት አይሶሌሽን» ይሉታል። ይህ ለተጠቃሚው ደኅንነት የተደረገ ጥሩ ነገር ስለሆነ ለማለፍ አትታገሉ። የራሳችሁን ሆትስፖት ተጠቀሙ።

ቀጥሎ ፋየርዎል ነው፤ ከኔትወርኩ ወደ ላፕቶፑ የሚገባውን የሚቆጣጠር ጠባቂ ማለት ነው። ኬዲኢ ኮኔክት ከ1714 እስከ 1764 ያሉትን ፖርቶች ይጠቀማል፤ ቲሲፒና ዩዲፒ በሚባሉት በሁለቱም የመላኪያ መንገዶች (ፕሮቶኮሎች)። ኡቡንቱና ሚንት ፋየርዎላቸው አዲስ ሲጫኑ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እናንተ ወይም ላፕቶፑን ያዘጋጀላችሁ ሰው ካላበራችሁት ችግሩ እሱ አይደለም። ከበራ ግን አታጥፉት፤ በሩን ብቻ ክፈቱለት። ሚንት ላይ «ፋየርዎል» የሚለውን ክፈቱ፤ ኡቡንቱ ላይ ጂዩኤፍደብሊው የሚባለውን የፋየርዎል ማስተካከያ ፕሮግራም መጫን ይኖርባችኋል። የደንቦች ገጽ ላይ የመደመር ምልክቱን ንኩ፤ «ሲምፕል» በሚለው ውስጥ ፖሊሲውን «አላው»፣ አቅጣጫውን «ኢን»፣ ፕሮቶኮሉን ቲሲፒ አድርጉና በፖርት ቦታ 1714:1764 ብላችሁ ጨምሩ። ከዚያ ፕሮቶኮሉን ወደ ዩዲፒ ቀይራችሁ ያንኑ ድገሙ። ሁለቱም ደንቦች ዝርዝሩ ላይ መታየት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ካለ ግማሽ መንገድ ነው። ፌዶራ ወርክስቴሽን ላይ ያላችሁ ይህን ዝለሉት፤ ፋየርዎሉ እነዚህን ፖርቶች በመነሻው አይዘጋም።

ሁለቱም ደህና ሆነው አሁንም ካልታየ፣ በተለይ በሆትስፖት ስትሆኑ ይህ ያጋጥማል፣ አድራሻውን በእጅ ስጡት። ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግ፣ ዋይፋይ፣ ከኔትወርኩ ስም ጎን ያለው የባለ ጥርስ ጎማ ምልክት። እዚያ «አይፒቪ4 አድሬስ» ከሚለው ትይዩ እንደ 192.168.1.7 ያለ በነጥብ የተከፋፈለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ስልኩ ላይ የአፑን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ በአይፒ መሣሪያ ለመጨመር የሚለውን ምረጡና ይህንኑ ቁጥር አስገቡ። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ተመልሳችሁ ወደታች በመጎተት አድሱት። ይህ ቁጥር ኔትወርክ ስትቀይሩ፣ አንዳንዴም ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይለወጣል። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩት።

ተጣምሮ እየቆየ የሚጠፋ ስልክ

ማጣመሩ ተሳክቶ፣ የስልኩ ስክሪን ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግንኙነቱ የሚቋረጥ ከሆነ ምክንያቱ ባትሪ ቆጣቢው ነው። ስልኩ አፑን ከበስተጀርባ ይገድለዋል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ኬዲኢ ኮኔክት፣ ባትሪ ገብታችሁ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ። ሳምሰንግ ላይ ከዚህ በተጨማሪ «ኔቨር ስሊፒንግ አፕስ» የሚባለው ዝርዝር ውስጥ ጨምሩት። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሻውሚ ላይ ለአፑ አውቶ-ስታርት (በራሱ መነሳትን) መፍቀድ ያስፈልጋል። አፑ ማሳወቂያ አሞሌው ላይ ቋሚ ሆኖ የሚያስቀምጠውን መስመርም እያበሳጨ ነው ብላችሁ አትዝጉት፤ ሕያው ሆኖ እንዲቆይ የሚረዳው እሱ ነው።

ከተጣመሩ በኋላ

ፋይል ከስልክ ለመላክ ፎቶውን ወይም ሰነዱን ከፍታችሁ «ሼር» በሉና ከሚመጣው ዝርዝር ኬዲኢ ኮኔክትን፣ ቀጥሎም የላፕቶፑን ስም ምረጡ። ላፕቶፑ ላይ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከላፕቶፑ ወደ ስልክ ደግሞ ሰዓቱ አጠገብ ካለው ምልክት ወይም ኡቡንቱ ላይ ከላይኛው ሜኑ ፋይል ላክ የሚለውን ተጠቀሙ።

እኔ በብዛት የምጠቀመው ግን ክሊፕቦርዱን፣ ኮፒ ያደረግነው የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ነው። አማርኛ በስልክ ኪቦርድ መጻፍ ለሚቀላቸው ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፦ ስልኩ ላይ በግዕዝ ፊደል የጻፋችሁትን አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሰነድ ውስጥ ፔስት ታደርጋላችሁ፤ ፊደሉ ሳይበላሽ ይመጣል። ከላፕቶፑ ወደ ስልክ ኮፒ ያደረጋችሁት በራሱ ይሄዳል፤ ጂኤስኮኔክት ላይ ግን መጀመሪያ በሴቲንጉ ውስጥ ክሊፕቦርድ ማጋራትን ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ግን አንድ ንክኪ ይጠይቃል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ሥርዓቱ ከበስተጀርባ ያለ አፕ ክሊፕቦርድ እንዳያነብ ይከለክላል፤ ስለዚህ ኮፒ ካደረጋችሁ በኋላ የማሳወቂያ አሞሌውን ወደታች ስባችሁ ቋሚው መስመር ላይ «ሴንድ ክሊፕቦርድ» የሚለውን ንኩ። ተበላሽቷል ብለው የሚተዉት ብዙዎች ይህችን አንዲት ንክኪ ባለማወቃቸው ነው።

ሌሎቹን ስትደርሱባቸው ታውቋቸዋላችሁ፦ ስልኩ የላፕቶፑ መዳፊት ይሆናል፣ ፕሬዘንቴሽን ሲቀርብ ስላይድ ይቀይራል፣ ቤት ውስጥ የጠፋ ስልክ ከላፕቶፑ ይጠራል፣ አጭር መልእክትም በሰፊው ኪቦርድ ይመለሳል።

ማሳወቂያን በተመለከተ

የስልኩ ማሳወቂያ ላፕቶፑ ላይ መታየቱ ሥራ ሳያቋርጡ ለመዋል ይጠቅማል። ግን የባንክና የቴሌብር መልእክት፣ የማረጋገጫ ኮድም ጭምር፣ በዚሁ መንገድ ይመጣል። ስብሰባ ላይ ላፕቶፑ ከፕሮጀክተር ጋር ተያይዞ እያለ ቀሪ ሒሳባችሁ ግድግዳው ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ይህን አገልግሎት ከማብራታችሁ በፊት ስልኩ ላይ በኬዲኢ ኮኔክት የፕላጊኖች (እያንዳንዱን አገልግሎት የሚሰጡ ክፍሎች) ሴቲንግ ወደ ማሳወቂያው ገብታችሁ ከአፖቹ ዝርዝር የመልእክት አፑንና የባንክ አፖችን ምልክት አንሱ። የስልክ ጥሪና የቤተሰብ መልእክት የሚመጣበት አንድ ሁለት አፕ ቢቀር ይበቃል። እዚያው ማሳወቂያ የስልኩ ስክሪን ሲጠፋ ብቻ እንዲላክ የሚያደርግ ምርጫም አለ።

ከስልክ ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ ማስኬድ የሚያስችለውን ፕላጊን በትክክል ለምን እንደምትፈልጉት ካላወቃችሁ ባዶ ተዉት። ስልካችሁን ልጅ ወይም እንግዳ የሚይዘው ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን በርቀት የሚያንቀሳቅሰውን መዳፊትና ኪቦርድ አጥፉት።

ብሉቱዝ መቼ?

ዋይፋይም ሆትስፖትም በማይቻልበት ጊዜ፣ ለትንሽ ፋይል። ሁለቱም ላይ ብሉቱዝ አብሩ፤ ኡቡንቱ ላይ የሴቲንጉን የብሉቱዝ ገጽ ከፍታችሁ ተዉት፣ ላፕቶፑ ለሌሎች የሚታየውና ፋይል የሚቀበለው ያ ገጽ ክፍት ሳለ ብቻ ነው። ከስልኩ የላፕቶፑን ስም ንኩ፤ በሁለቱም ስክሪን 6 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ አንድ መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡ። ፎቶና ፒዲኤፍ ይሄዳል፤ 700 ሜጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ግን ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ብሉቱዝ የሚመሰገንበት አንድ ሌላ ቦታ አለ፦ የስልኩ ባትሪ እያለቀ ላፕቶፑ ላይ ኢሜይል ብቻ ማየት ስትፈልጉ ከሆትስፖት ይልቅ «ብሉቱዝ ቴዘሪንግ»፣ የስልኩን ኢንተርኔት በብሉቱዝ ማጋራት፣ ባትሪ ይቆጥባል። ስልኩ ላይ ሆትስፖት ባለበት ገጽ ታበሩታላችሁ፤ ላፕቶፑ ላይ ከኔትወርክ ሜኑው የስልካችሁን ስም ትመርጣላችሁ።

ማለያየት

ስልክ ከመሸጣችሁ ወይም ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ማጣመሩን አፍርሱ። ስልኩ ላይ በአፑ የላፕቶፑን ስም ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ንኩና «አንፔር» በሉ። ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ይህንኑ ከላፕቶፑ አድርጉት፤ ሚንት ላይ ከምልክቱ፣ ኡቡንቱ ላይ ከጂኤስኮኔክት ሴቲንግ የስልኩን ስም መርጣችሁ። ከሁለቱ በአንዱ በኩል መፍረሱ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ስልክ እንደ ማንኛውም እንግዳ ጥያቄ ልኮ ላፕቶፑ ላይ ካልተፈቀደለት በስተቀር አይገባም። በብሉቱዝም ተጣምሮ ከነበረ የብሉቱዝ ገጹ ላይ ስሙን ነክታችሁ ለብቻው አስወግዱት።